ውስጡን ለቄስ

የቴነሲ ሐምሌ ነው፤ ሙቀቱ ያፍናል፤
ከጣራው ማራገቢያው ሲዞር ያቃስታል።
ሮዊና ቆማለች ከሁለተኛው ረድፍ፣
ድምፅዋ እንደ ምንጭ ነው፣ በበጋ የማይነጥፍ።
የመዝሙሩን ገጽ ልትገልጥ ስትል፣
እጅጌዋ ሸሸ፣ አምባሯም ገለል፤
ታየ ከአንጓዋ ላይ፣ በሰማያዊ ቀለም፣
የአንድ ሕፃን ዱካ፣ አውራ ጣት አያህልም።

ሦስት ቀን ነው የኖረ። ጆዲ ብላው ነበር።
ከሆስፒታል ይዛ የወጣችው ነገር፣
ወረቀት ላይ ያረፈ፣ የቀለም እግር።
ወረቀት ይረጥባል፣ ወረቀት ይቀደዳል፤
ገላ ግን ከባለቤቱ ጋራ መቃብር ይወርዳል።
እንዲህ ብላ ነው የተነቀሰችው፤
ለማንም አላሳየች፤ እጅጌዋ ነው ያሳበቀው።

ዲያቆን ሃርላን ፕሩት፣ የዶሮ ፋብሪካው ጌታ፣
ሰበሰበን ያኔውኑ፣ በለሰለሰ እርጋታ፤
ኦሪቱን ገለጠ፣ መነጽሩን ወልውሎ፣
ጣቱን አሳረፈ፦ ስለ ሞተ ሰው ገላን መንቀስ ክልክል ነው ብሎ።
ቃሉ አልዋሸም። ተጽፏል በግልጽ።
ሃርላንም አልዋሸም። እዚያው ነው፣ ከዚያው ገጽ።
«ስለ ሞተ» የሚለው ግን ጎኔን ወጋኝ፤
የጆዲን ሬሳ አይቶ የተጻፈ መሰለኝ።

ሜልባ ትሬድዌይ «ልጆች ያያሉ» አለች በሹክሹክታ፤
አንዱም «ዛሬ እግር፣ ነገ ደግሞ እባብ» ሲል አነሣ ስሞታ።
ፓስተራችን ዝም አለ፤ ወለሉን ያያል፤
ጣራውን ያሳደሰው ሃርላን ነው፣ ያውቀዋል።
«ከመዘምራኑ ትውጣ የሚል እጁን ያንሣ» ተባለ፤
ከጉልበቱ ላይ የቀረ አንድም እጅ አልነበረ።
የኔም ተነሣ።

ኤልዉድ ካርግል እባላለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት
ለፋብሪካው ሰዓት ቆጣሪ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ሒሳብ ያዥ፣ በእምነት።
ማን ስንት ሰዓት ገባ፣ ማን ስንት ሰዓት ወጣ፣
የምጽፈው እኔ ነኝ፤ እስክሪብቶ አላጣ።
ሮዊና ላባ ትነጫለች፣ ከንጋት እስከ ማታ፤
ከሰዓቷ ላይ ግን፣ በሃርላን ትእዛዝ፣ በኔ ቀለም ጠብታ፣
ዐሥራ አምስት ደቂቃ ይነሣል፤ ለእጅ መታጠቢያ፣ ለሽንት፤
በቀን ዐሥራ አምስት። በዓመት ሲደመር ስንት?
ደመወዙም ያድራል። ዐርብ ይባልና ማክሰኞ ይሆናል፤
የቤት ኪራይ የደረሰበት በሩ ላይ ይቆማል፤
ሃርላን «ባንኩ ነው» ይላል።

ያን ማታ ኦሪቱን ብቻዬን ገለጥኩት፤
ጣቱ ያረፈበትን መስመር አገኘሁት፤
ዐይኔ ሽቅብ ሄደ። ከዚያው ገጽ፣ ከዚያው ዓምድ፣
ጣት ያልነካው ሌላ ቃል ተቀምጧል፣ ከባድ፦
የሠራተኛ ዋጋ አይደር ከአንተ ዘንድ
እስኪነጋ።

እስኪነጋ ብቻ! የኛው እስከ ማክሰኞ ድረስ።
እንግዲያ ማን ነው የተነቀሰ? ማን ነው የሚወቀስ?

ንቅሳት ጽድቅ ነው አልልም፤ ሕጉን ልፍቅም አልመጣሁ፤
ያንን መስመር እኔም፣ ከልጅነቴ ጀምሮ፣ አምኜው ነው ያደግሁ።
ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ይህን ገጽ ስንገልጥ ስናጥፍ፣
እንዴት ጣታችን ዘወትር ከሰው ቆዳ ላይ ብቻ ያርፍ?
«ውስጡን ለቄስ» ይላል ሰው። ከላይ ያለው ሲታይ
ሸሚዜ ረጅም ነው፣ ነጭ ነው፣ አንገቴ ላይ ክራባት፤
ውስጡን ቄሱም አልጠየቀኝ። እኔም አልነገርኩት።

ሰኞ ጧት ሮዊና ካርዷን መታች፤
«ደኅና አደርክ፣ ኤልዉድ?» አለች።
በዚያ ሙቀት እጅጌዋን እስከ ጣቷ አውርዳለች።
ሌላ ነገር ልላት ነበር። «ደኅና» አልኳት።
እስክሪብቶዬ ፈሰሰ መዳፌ ላይ፣
ሰማያዊ፣ ቁርጥ የሷኑ መሳይ።
ቧንቧው ጋ ሄጄ በሳሙና አሸሁት፤
ወዲያው ለቀቀ። ቀለሜ ለቀቀ።
ዐሥራ አምስት ደቂቃው ግን መዝገቡ ላይ ደረቀ።